ጥማድ ኮከብ፦ ሲርየስና የተደበቀው ጓዱ

ጥማድ ኮከብ፦ በስበት ተሳስረው አንድ የጋራ ማዕከል የሚዞሩ ሁለት ከዋክብት። ለእንግሊዝኛው «ባይነሪ ስታር» አቻ እንዲሆን የቀረበ ስያሜ ነው።

«ድርብ ኮከብ» ከዚህ ይሰፋል። እጅግ ተራርቀው ሳለ በአንድ አቅጣጫ ስለሚታዩ ብቻ የተጠጋጉ የሚመስሉ ከዋክብትም ድርብ ሊባሉ ይችላሉ። የወለጋዋ ጉቴ ገበሬ ግን ሁለት በሬዎች ጎን ለጎን ስለጋጡ ጥማድ አይላቸውም፤ ጥማድ የሚሆኑት ቀንበር ሲያስራቸው ነው። በሰማይ ቀንበሩ ስበት ነው።

ዋነኛው ምሳሌ ሲርየስ ነው፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ከምድር ደምቆ የሚታየን ኮከብ። በገና ሰሞን እኩለ ሌሊት ግድም፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ከጉቴ ወይም ከነቀምቴ ወደ ደቡብ ቀና ያለ ሰው አያጣውም። በአንድ መስመር የተደረደሩት ሦስቱ የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት አባላት ወደ እሱ ያመለክታሉ። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሲርየስ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ በለንደን ከ22 ዲግሪ አያልፍም። አያንቱ የሚባሉት የቦረና ኦሮሞ ዘመን ቆጣሪዎች ጨረቃን እያስተያዩ ቀን ከሚቆጥሩባቸው ከዋክብት አንዱ ሲሆን፣ «ባሳ» ይሉታል።

ለዓይን አንድ የሚመስለው ሲርየስ ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የምናየው ሲርየስ ኤ ክብደቱ የፀሐይን 2 እጥፍ ያህል፣ ብርሃኑ 25 እጥፍ ገደማ ነው። ጓዱ ሲርየስ ቢ ነጭ ድንክ ኮከብ ይባላል፦ ነዳጁን ጨርሶ የቀረ የኮከብ እምብርት። ስፋቱ ከመሬታችን ትንሽ ያንሳል፤ ክብደቱ ግን የፀሐይን ያህል ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ በአማካይ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል።

ጓዱ የታወቀው ከመታየቱ በፊት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቤሰል የሲርየስ ጉዞ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚወላገድ መሆኑን አስተውሎ፣ የሚስበው ድብቅ አካል እንዳለ በ1844 እ.ኤ.አ. አሳወቀ። አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ በ1862 እ.ኤ.አ. አዲስ ቴሌስኮፕ ሲፈትሽ አየው። ሁለቱ አንድ ዙር የሚጨርሱት በ50 ዓመት ነው።

ስያሜው መተሳሰሩን አጉልቶ መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ በምን ያህል ርቀት፣ በስንት ዓመት እንደሚዞሩ ከታወቀ ክብደታቸው በስሌት ይገኛል። ብቻውን ያለ ኮከብ ይህን መንገድ አይሰጥም፤ ክብደቱ የሚገመተውም በአብዛኛው ከጥማድ ከዋክብት በተገኘው ልኬት ነው።

አጠቃቀም፦ «ሲርየስ ጥማድ ኮከብ ነው»፤ ለብዙ ሲሆን «ጥማድ ከዋክብት»። መተሳሰራቸው ገና ላልተረጋገጠ ሁለት ከዋክብት «ድርብ» ማለት ይበቃል።