ወደ ሥራ በብስክሌት የመጓዝ ደኅንነት

ወደ ሥራ በብስክሌት የመጓዝ ደኅንነት ሲባል ብስክሌተኛ ከቤቱ ወደ ሥራ ቦታው ሲሄድና ሲመለስ ራሱን ከግጭት፣ ከመውደቅና ከሌሎች ጉዳቶች የሚጠብቅባቸው ዘዴዎች ማለት ነው። የብስክሌቱን ይዞታ፣ የነጂውን አነዳድና የመንገዱን አሠራር ያጠቃልላል። ብስክሌተኛ እንደ መኪና ተሳፋሪ የሚከልለው አካል ስለሌለው ደኅንነቱ በአብዛኛው በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፦ በጊዜ መታየቱና የፍጥነት ማነስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህም 6 ከመቶ ያህሉ ብስክሌተኞች ናቸው።

የብስክሌት ጉዞ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ብስክሌት በይበልጥ የሚዘወተረው ሜዳማ በሆኑ ከተሞች ነው። ከእነዚህ መካከል በጣና ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ባሕር ዳር እና ሐዋሳ ይጠቀሳሉ።

በጎጃም ደጋ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉንደ ወይን ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ዓይነት አገር ብስክሌተኛው በአንድ ጉዞ ዳገትና ቁልቁለት፣ ኮብልስቶንና ፒስታ ሊያጋጥመው ይችላል። መንገዱንም ከጭነት መኪና፣ ከሚኒባስ፣ ከባጃጅ፣ ከጋሪ፣ ከእግረኛና ከከብት ጋር ይጋራል።

ፍጥነትና የአደጋ ክብደት

በግጭት ጊዜ የሚያርፈው ጉልበት ከፍጥነት ይልቅ እጅግ በተፋጠነ መጠን ይጨምራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ ተመሳሳይ መኪና አራት እጥፍ ጉልበት አለው። በ60 የሚነዳ ሾፌር አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው በዚያች ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ30 ቢሆን ግን 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ከትራፊክ አቅጣጫ በተቃራኒ መንዳት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ናት፤ ብስክሌተኛም ቀኙን ይዞ ይጓዛል። በ20 የሚጓዝ ብስክሌተኛና በ60 የሚመጣ መኪና ፊት ለፊት ከሆኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ግን የፍጥነታቸው ልዩነት 40 ብቻ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ብስክሌተኛውን ለማየትና ለመራቅ እጥፍ ጊዜ ያገኛል። የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ማየት ይሻላል የሚለው ምክር ለእግረኛ እንጂ ለብስክሌተኛ አይሠራም።

ከመነሳት በፊት

በየቀኑ ለሚነዳ ብስክሌት የጠዋት ፍተሻ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ፍተሻው የሚከተሉትን ይመለከታል፦

- ጎማ፦ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ያልተሰነጠቀና ያላለቀ መሆን አለበት። የላላ ጎማ በድንጋይ ላይ ካላማዳሪውን ያስበሳል።
- ፍሬን፦ የፊቱም የኋላውም እጀታ መሪውን ሳይነካ መያዝ አለበት። የፍሬኑ ላስቲክ ካለቀ ብረቱ ቸርኬውን ይበላል።
- ካቴና፦ የላላ ካቴና ዳገት ላይ በድንገት ሲወልቅ ነጂውን ይጥላል።
- መሪና መቀመጫ፦ የሚወዛወዝ ከሆነ መጠበቅ አለበት።
- ጭነት፦ ጀሪካን ወይም ከረጢት በመሪው ላይ አይንጠለጠልም። ከኋላ በሁለቱ ጎን እኩል ተደርጎ ይታሰራል፤ የተንጠለጠለ የገመድ ጫፍም አይተውም።

በመንገድ ላይ

ብስክሌተኛ የአስፋልቱን ጠርዝ ታክኮ ቢነዳ ከቦይ፣ ከጠጠርና ከተቆረሰ አስፋልት ጋር ይጋጫል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በቀጥታ መስመር መንዳት ለሾፌሩም የብስክሌተኛውን አካሄድ ግልጽ ያደርግለታል። ጉድጓድን ድንገት ከመሸሽ ይልቅ አስቀድሞ ኋላን አይቶ፣ እጅን ዘርግቶ አቅጣጫ በማሳየት ቀስ ብሎ መታጠፍ ያስፈልጋል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ብስክሌተኛን የሚቀድም መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ተደንግጓል።

በከተማ ውስጥ ሚኒባስና ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫንና ለማውረድ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። የቆመን ሚኒባስ በበሩ በኩል ማለፍ ከሚወርድ ሰው ጋር ያጋጫል። ትልቅ የጭነት መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ሾፌሩ በቀኝ ጎኑ ያለውን ብስክሌት ላያየው ይችላል። ስለዚህ በመስቀለኛ መንገድ ከመኪናው ኋላ መጠበቅ ይመረጣል።

በገበያ ቀን መንገዱ ጭነት በያዙ አህዮችና በሚነዱ ከብቶች ይሞላል። የአህያ ጭነት ወደ ጎን ስለሚወጣ ሰፊ ቦታ ትቶ ማለፍ ያስፈልጋል። ደወል ከሩቅ ይደወላል፤ ከብቶቹ አጠገብ ተደርሶ ሲደወል ግን ይደነብራሉ። መንጋው መንገዱን ከዘጋ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ይሻላል።

ቁልቁለትና ዝናብ

ቁልቁለት ላይ ብስክሌት ሳይረገጥ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ፍጥነት የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩና ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ውስጥ ሲገቡ አይደለም። ሁለቱም ፍሬኖች አብረው ቀስ በቀስ ይያዛሉ። የፊቱን ብቻ በኃይል መያዝ ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ሊጥለው ይችላል፤ የኋላውን ብቻ መያዝ ደግሞ ጎማውን ያንሸራትታል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ መያዝ ቸርኬውን ስለሚያግለው፣ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ወይም ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል።

በክረምት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ውኃውን ጠርጎ እስኪያደርቅ ድረስ አጥብቆ አይይዝም። ርጥብ ኮብልስቶንም ያንሸራትታል። ዋልካ አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጣብቆ ጎማውን ሊያቆም ይችላል። ጎርፍ የሸፈነው መንገድ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ በብስክሌት አይገባበትም።

ጨለማና መታየት

በጎጃም ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓትና 1 ሰዓት መካከል ትጠልቃለች። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በሥራ ጥቂት የዘገየ ሰው ብርሃን ሳለ ቢነሳም በጨለማ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሁልጊዜ ከብስክሌቱ ጋር መኖር አለበት፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። መብራት ካልተገኘ አንጸባራቂ ከኋላ፣ በጎማው ሽቦዎችና በፔዳሉ ላይ ማድረግ የተወሰነ ጥቅም አለው፤ ሆኖም አንጸባራቂ የሚታየው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። ማለዳ ጉም ሲኖርም መብራቱ ይበራል።

የራስ ቁርና አለባበስ

የራስ ቁር (ሄልሜት) ግጭትን አይከላከልም፤ በግጭት ጊዜ ግን ጭንቅላትን ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን የሚመለከቱ 40 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ የራስ ቁር ማድረግ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመድረስ ዕድልን 69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቁሩ ግንባርን መሸፈን፣ ማሰሪያውም ከአገጭ ሥር መታሰር አለበት። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ቁር ስንጥቅ ባይታይበትም ይለወጣል።

ጋቢ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስ በካቴና ወይም በጎማ ሽቦ ሊያዙ ስለሚችሉ ጫፋቸው መታሰር ይኖርበታል። የሱሪ እግርም በቀኝ በኩል፣ ካቴናው ባለበት፣ ይጠቀለላል።

ጉዳት ሲደርስ

የወደቀ ሰው ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን ከተመታ፣ ሌላ አደጋ ካላሰጋ በቀር ባለበት ሳይነቃነቅ ርዳታ ይጠበቅለታል። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዛል። ራሱን የሳተ፣ የሚያስመልሰው ወይም እየተደናገረ የሚናገር ሰው በእግሩ መቆም ቢችልም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ መጥሪያ ቁጥር 907 ነው።

አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ላደረሰው ጉዳትም በመድን ፈንድ በኩል ካሳ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለው። ስለዚህ የሰሌዳ ቁጥር መያዝና ለትራፊክ ፖሊስ ማስመዝገብ ጠቃሚ ነው።

ብስክሌተኛን ማለዳ ወይም ማታ የሚያሳድድ ውሻም ያጋጥማል። ከሮጡለት ይበልጥ ስለሚከተል፣ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል ማድረግ ይመከራል። ውሻ ከነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለማግኘት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው ከስንት አንድ ነው።

የመንገዱ ድርሻ

ብስክሌተኛ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ከፈጣን መኪና ጋር አንድ ጠባብ መንገድ እስከተጋራ ድረስ አደጋው አይጠፋም። ስለዚህ የተለየ የብስክሌት መንገድ፣ በመኖሪያና በትምህርት ቤት አካባቢ የፍጥነት መቀነሻ፣ የተከደነ ቦይና የመንገድ መብራት ያስፈልጋሉ።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ የመንገድ ዝግጅት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ ብሔራዊ ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በተካሄደባቸው የአዲስ አበባ መንገዶች የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። በወረዳ ከተሞችና በመካከላቸው ባሉ መንገዶች ግን ብስክሌተኛው አሁንም በአብዛኛው ያለው መከላከያ ብርሃኑ፣ ፍሬኑና የራሱ አነዳድ ነው።