ሞአ አንበሳ፦ ሽለላ ከፓንክ ጋር የተገናኘበት ሸክላ

ዲላ ላይ የፓንክ ሙዚቃ ፈልጎ የሚንከራተት ሰው ብዙ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚደርስ እንግዳ፣ ከተማዋ የምታሰማው የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከቡና ጫኝ መኪና ጋቢና የሚያመልጥ የፍቅር ዘፈንና የሠርግ ጭፈራ ነው። የጎረቤቷ የይርጋጨፌ ስም የታተመበት የቡና ከረጢት በሚሸጥባት በአምስተርዳም ግን ሌላ ነገር ተከሰተ። በጩኸቱና በማመፅ የሚታወቅ አንድ የደች ፓንክ ባንድ ከአንድ የይፋት ተወላጅ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር ተገናኘ፤ አብረውም ሽለላ ቀረጹ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» ተብሎ ወጣ።

ባንዱ «ዘ ኤክስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመሠረት በኔዘርላንድ ወጣቶች ባዶ ሕንፃዎችን ሰብረው እየገቡ ይኖሩና ዝግጅት ያሳዩ ነበር፤ ባንዱም ከዚያ መንደር የወጣ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ በ1980 ታተመ። ትልልቅ ኩባንያዎችን ደጅ አልጠናም፤ ሸክላውን ራሱ ያሳትማል፣ ራሱ ይሸጣል። በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ያወጣው ሥራ ሁለት ትናንሽ ሸክላዎች የተካተቱበት ወፍራም የፎቶ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉንና ሸክላውን ለይቶ መሸጥ እንዳይመች ተደርጎ የተሠራ ነው ቢባል አያስነቅፍም። ጊታሮቹ አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው አምስትና ስድስት ደቂቃ ሳይለቋት ይመላለሱባታል፤ ደጋግሞ የሰማት ሰው ራሱ መዞር ይጀምራል። ሳይኬዴሊክ የሚለው ቃል እንደ ልብ ይሠራበታል፤ ለእነርሱ ቢሰጥ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወለዱ። ክራርና ማሲንቆ በልጅነታቸው የያዟቸው መሣሪያዎች ናቸው። በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠሩ። የሙያ ጉዟቸው አብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪነት ነው፤ ዩኒፎርም፣ ሰልፍ፣ ደመወዝ ቀን። ከዚህ መካከል ነው የጦር ሜዳ ድምፅ ወደ ሳክስፎን ያስገቡት። መድረክ ላይ የጀግና ካባ ደርበው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይቆሙ ነበር።

ይህ የሳክስፎን ሽለላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በዝርዝር ማየት ይገባል። ሽለላና ፉከራ ከዘፈን የሚለዩበት ነገር ምቱ ነው። ዘፈን በከበሮ ይቆጠራል፤ ፎካሪው ግን በትንፋሹና በንዴቱ ይሄዳል። ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ አንዱን ቃል ይይዝና ያርገበግበዋል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ይወርዳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይነሳል። ጋሽ ጌታቸው ይህን ሁሉ ከነርግብግቡ ወደ ናሱ አዛወሩት። ይህን ሲጀምሩ አሜሪካ ውስጥ ፍሪ ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ስሙም ገና አልወጣም ነበር። የኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» አልበም የታተመው በ1961 ነው። ከዓመታት በኋላ የእሳቸውን ሸክላ የሰሙ ፈረንጆች የፍሪ ጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን አልበርት አይለርን አስታወሱ፤ መጀመሪያ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። በአውሮፓ ፓንክ ከምድር ቤት፣ ከተወረረ ሕንፃ የወጣ ነው፤ ከመንግሥት ጋር የሚኖረው ግንኙነት ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለጆሮ ከሁሉ የባሰው ሻካራ፣ ለመድረክ ከሁሉ የደፈረ ድምፅ የወጣው ከመንግሥት ባንዶች ነው። ድብቅ የሆነውም ሙዚቃው ሳይሆን ንግዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1969 ይህን ድንጋጌ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የዘፋኙ የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ፤ ከዚያ በደርግ ዘመን ወደ አሜሪካ ሄደ። በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ የፓንክ ሥራ ከተባለ ይህ ነው። ደፋሩ ጊታር የያዘ ሳይሆን ሒሳብ መዝገብ የያዘ ሰው ነበር።

ዲላን የመሰለ ከተማ ከዚያ ሁሉ ስንቱን ሰማ? ትንሹ ሸክላ ማጫወቻና መብራት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በባለ ሱቅና በቡና ነጋዴ ቤት እንጂ በየመንደሩ አልነበረም። ለብዙው ሰው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ማለት ሬዲዮ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካሴት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ፤ ካሴት በሹፌር ኪስ ይጓዛል፣ ሲበላሽም በእርሳስ ይጠቀለላል። ከአምሃና ከተከታዮቹ ሸክላዎች አብዛኞቹ በአማርኛ የተዘፈኑ ናቸው። በዲላ ዙሪያ ጌዴኦፋ የሚናገር ሰው የራሱን ቋንቋ በሸክላ ለመስማት ብዙ ዕድል አላገኘም።

ወደ ሁለቱ ግንኙነት እንመለስ። የጋሽ ጌታቸው የ1970ዎቹ መጀመሪያ አልበም በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አማካይነት በ2003 «ኢትዮጲክስ» በሚባለው ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ ዳግመኛ ታተመ። ዘ ኤክስ ደግሞ ቀድሞውኑ አገሩን ያውቁት ነበር፤ በ2002 ኢትዮጵያ ውስጥ እየተዘዋወሩ ተጫውተዋል። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙ። ያኔ አብረዋቸው የተጫወቱት የሆላንድ ጃዝ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ጌታቸው ግን ጋባዦቹን ሰሙና በሚቀጥለው ሥራቸው የሚያጅባቸው ባንድ ዘ ኤክስ እንዲሆን ፈለጉ። በሰባ ዓመት አካባቢ ያሉ አዛውንት ጃዞቹን ትተው ፓንኮቹን መረጡ። ይህ ለእኔ የታሪኩ ዋና ነገር ነው፤ ብዙዎች እንደሚያወሩት አውሮፓውያን አንድ የተረሳ ሰው «አግኝተው» አይደለም፣ ሰውዬው ናቸው አጃቢ የቀጠሩት።

ምርጫው ለምን እንደሠራ ሸክላውን ሲሰሙት ይገባል። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ባለበት ቦታ ሁሉ ኮርድ ይደረድራል፤ የእኛ ቅኝት ደግሞ አምስት ድምፅ ይዞ የሚሽከረከር እንጂ ከኮርድ ወደ ኮርድ የሚሸጋገር አይደለም። የዘ ኤክስ ጊታሮች ኮርድ አይደረድሩም። አንዱ ጊታር እንደ ከበሮ ይመታል፣ ሌላው ያንኑ ይመልሳል፣ ሴት ከበሮ መቺዋ ካተሪና ቦርነፌልድ ደግሞ ከቶም ቶሟ ሳትርቅ ምቱን ታስረግጣለች። ሳክስፎኑ ከበላዩ ምት አልባውን ሽለላ ይነፋል። «ቼ በለው ሽለላ» የሚለው ሥራ ላይ ይህ ነገር ግልጽ ነው፦ ከታች ያለው ባንድ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ከላይ ያለው ሽማግሌ ደስ ባለው ጊዜ ይቆማል፣ ሁለቱም አይጣሉም። «ሙዚቃዊ ስልት» በዋልያስ ባንድ የታወቀው ዜማ ነው፤ እዚህ ግን ከሆቴል ሳሎን ወጥቶ ጋራዥ የገባ ይመስላል። በፈረንሳዊው ግዛቪዬ ሻርል ክላሪኔት የተጨመረው ጩኸት በአንዳንድ ቦታ ይበዛብኛል፤ እሱን ችዬ ነው የማዳምጠው።

በ2012 የወጣው ሁለተኛው አልበም «የአንበሳው ትዝታ» የተለሳለሰ ነው። ድሮ የተቀረጹ ሥራዎችም አብረው ስለታተሙበት እንደ ማኅደር ዋጋው ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው እሳት ግን የለውም። ጋሽ ጌታቸው በኤፕሪል 2016 አረፉ።

ቴሪ ኤክስ የሚባለው የባንዱ ጊታሪስት «ቴርፕ» በሚል ስም ያቋቋመው አሳታሚ በእነዚህ አልበሞች አላበቃም። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች በክራር ታጅቦ ያዜም የነበረውን ዓይነ ስውሩን መሐመድ ጂሚ መሐመድን አሳተመ። ክራር ተጫዋቹ መሰለ አስማማው ከሁለት የስካንዲኔቪያ ሙዚቀኞች ጋር የሠራው አልበም ደግሞ «ባሮ 101» ይባላል፤ አዲስ አበባ ባሮ ሆቴል ክፍል ቁጥር 101 ውስጥ ስለተቀረጸ ነው።  ስቱዲዮ ቢከራዩ ይህን ያህል ቅርብ አይሆንም ነበር።

እኔን ወደ ዲላ የሚመልሰኝ ይህ ክፍል ነው። ዲላ ያለችበት ጌዴኦ ዙሪያውን በጉጂና በሲዳማ የተከበበ ነው፤ የጉጂ ገራርሳ የአዳኝና የጦረኛ ፉከራ ነው፣ ጋሽ ጌታቸው ሳክስፎን ያስያዙት ሽለላ የአጎት ልጅ። የጌዴኦ ሕዝብ ባሌ የሚባል ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓትና ሶንጎ የሚባሉ የሽማግሌ ሸንጎዎች አሉት፣ በደራሮ በዓሉም በጋራ ያዜማል፤ አንዱ ያነሳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ዩኔስኮ በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲመዘግብ ጥምር እርሻውን፣ እንሰቱንና ቡናውን፣ ደኑንና ትክል ድንጋዮቹን ቆጥሮ ነው። ድንጋይ ይቆማል፤ ዜማ ግን ካልተያዘ አዜሚው ሲያርፍ አብሮ ይሄዳል። አሁን በደራሮ ቀን የሚወጣው ቅጂ የስልክ ነው፤ ነፋሱ ማይኩ ላይ ይነፍሳል፣ የፊተኛው ሰው ሳል ከዘማሪው ይበልጣል። ባሮ ሆቴል ክፍል ውስጥ የሆነውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁለት ደህና ማይክራፎን፣ አንድ ጸጥ ያለ ግቢና ጣልቃ የማይገባ ቀራጭ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ።