የሁለት ሾጣጣ ቀንድ አውጣዎች ንጽጽር፦ ምግባቸውና መርዛቸው

እዚህ የማነጻጽራቸው ሾጣጣ ቀንድ አውጣዎች፣ ኮነስ ጂኦግራፈስና ኮነስ ቴክስታይል፣ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ የሚኖሩ፣ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየማቸው የአንድ ወገን ዝርያዎች ናቸው።

የቴክስታይል ቅርፊት ጠንካራ ነው፤ በቢጫ ቡናማ መደብ ላይ ነጫጭ ሦስት ማዕዘኖች ተደራርበውበታል። የጂኦግራፈስ ግን ስስና ቀላል፣ አፉ ሰፊ፣ ትከሻው ላይ ትንንሽ ጉብታዎች የተሰደሩበት ነው። ሁለቱም ከኩምቢያቸው ጫፍ እንደ ጦር የሚወረወር ባዶ ጥርስ አላቸው። አንዱ ጥርስ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ በምትኩ ሌላ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ልዩነቱ የሚጎላው በአደን ጊዜ ነው። ቴክስታይል ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን እየደጋገመ ይወጋል። ጂኦግራፈስ ደግሞ በሌሊት አፉን እንደ መረብ ዘርግቶ ኢንሱሊን ወደ ውኃው ይለቃል። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ኢንሱሊን ከቀንድ አውጣው ከራሱ ይልቅ የዓሣን ይመስላል። ትንንሾቹ ዓሦች የደም ስኳራቸው ወርዶ ሲደነዝዙ ይዋጣሉ፤ የሚወጋቸው ከዋጣቸው በኋላ ነው።

በታወቁት የሰው ሞቶች አብዛኛው ተጠያቂ ጂኦግራፈስ ነው። ዓሣ እንደኛ አከርካሪ ስላለው፣ ለዓሣ የታሰበ መርዝ ሰውንም ይጎዳል የሚለው ማብራሪያ ለረዥም ጊዜ አሳማኝ ነበር። እኔ ግን በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። በ2014 ተመራማሪዎች ጂኦግራፈስ ከአንዱ የመርዝ ቱቦ ሁለት የተለያዩ መርዞችን እንደሚያወጣ አሳዩ፤ አንዱ ለአደን፣ ሌላው ለመከላከል። ጡንቻን የሚያሽመደምዱ ንጥረ ነገሮች በብዛት የተገኙት በመከላከያው ነው። ስለዚህ ዛጎል ለቃሚን ለሞት የሚያደርሰው በዋናነት ቀንድ አውጣው ራሱን ከጠላት የሚያድንበት መርዝ ነው። ፀረ መርዝ ስለሌለ፣ ተጎጂው መርዙ እስኪለቀው ድረስ በሰው ሠራሽ መተንፈሻ መደገፍ አለበት።

የአደኑ መርዝ ግን ተስፋ ይዟል። የሰው ኢንሱሊን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ይከማቻሉ፤ መጀመሪያ መበታተን ስላለባቸው ሥራቸው ይዘገያል። የጂኦግራፈስ ኢንሱሊን የሚያያይዘው ክፍል ተቆርጦ የወጣለት ያህል ነው፤ ሆኖም በሰው የኢንሱሊን ተቀባይ ላይ እንደሚሠራ በ2016 ታይቷል። ለስኳር ሕመምተኞች ፈጣን ኢንሱሊን የሚቀምሙ ተመራማሪዎች የዚህን ሞለኪውል ቅርጽ የሚያጠኑት ለዚህ ነው።