የማተሚያ የይለፍ ቃል፦ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ፣ ከፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው ሬክስዴል፣ የግብር ቅጽ የምትሞላና ሰነድ የምትተረጉም አንዲት ትንሽ ቢሮ አለች እንበል። ሠራተኞቹም ሆኑ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች የሚጠቀሙት በአንድ ዋይፋይ ነው፤ ማተሚያውም (ፕሪንተሩም) ከዚያው ጋር ተያይዟል። እንዲህ ባለው ሁኔታ፣ ዋይፋዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ለማተሚያው ትእዛዝ ሊልክና በውስጡ የተቀመጡትን ቅንብሮች ሊለውጥ ይችል ይሆናል። ይህን ለመግታት ከተዘጋጁት መንገዶች አንዱ የይለፍ ቃል ነው።

ትእዛዙ እንዴት ይሠራል?

ኤችፒ የቀረጸውና ሌሎች አምራቾችም የሚጠቀሙበት የማተሚያ ትእዛዝ ቋንቋ ፒጄኤል ይባላል። በዚህ ቋንቋ የሚላኩ የቅንብር ትእዛዞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለአንድ ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ «ይህን ሰነድ በ3 ቅጂ አትም» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው በመሣሪያው ውስጥ በቋሚነት ይመዘገባል፤ ማተሚያው ጠፍቶ ቢበራም አይሰረዝም። የወረቀት መጠን፣ መደበኛው የቅጂ ብዛትና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው መቆለፍ ከዚህ ወገን ናቸው።

የይለፍ ቃሉ የሚጠብቀው ሁለተኛውን ነው። ቃል ይባል እንጂ ከ1 እስከ 65,535 ያለ ቁጥር ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ጥበቃ የለም ማለት ነው። ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ግን፣ ቋሚ ቅንብር ሊለውጥ የመጣ ሥራ መክፈቻው ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ካልያዘ፣ ማተሚያው የለውጡን ትእዛዝ አይቀበልም። ሲጠየቅም ጥበቃ መኖር አለመኖሩን እንጂ ቁጥሩን አይናገርም።

የጥበቃው ወሰን

ይህ ቁልፍ ሰነድን አይጠብቅም፤ ሌላ ሰው እንዳያትምም አያግድም። 65,535 አማራጮችን መሞከር ለኮምፒውተር ከባድ ሥራ አይደለም። በመጋዘኖች የሚሠራባቸው የዜብራ መለያ ማተሚያዎችም ባለ 4 አሃዝ የይለፍ ቁጥር አላቸው፤ ከፋብሪካ የሚመጣው 1234 ሲሆን፣ ካልተለወጠ ለማንም ክፍት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን የሩር ዩኒቨርሲቲ ቦኹም ተመራማሪዎች 20 ማተሚያዎችን ፈትሸው፣ እያንዳንዱ ቢያንስ ለአንድ ዓይነት ጥቃት የተጋለጠ ሆኖ አግኝተውታል። በ2018 መጨረሻም በልዩ ልዩ አገሮች ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኙ በርካታ ማተሚያዎች፣ አንድ የዩቲዩብ አዘጋጅን ተከተሉ የሚል ጽሑፍ ባለቤቶቻቸው ሳያዝዙ አትመዋል። መልእክቱ የተላከው የማተሚያ ሥራ በሚቀበለው 9100 በተባለው ፖርት በኩል ነበር።

ምን ማድረግ ይገባል?

ስለዚህ የይለፍ ቁጥሩ ከሌሎች ጥንቃቄዎች ጋር ሲደመር ነው የሚጠቅመው፦

• ለደንበኞች የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ ማተሚያውን በሠራተኞች መስመር ብቻ ያቆዩ።
• ፖርት 9100 ከኢንተርኔት እንዳይደረስበት ራውተሩ ላይ ይዝጉ።
• በማተሚያው የቅንብር ገጽ ላይ ረጅም የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ያስገቡ።
• የአምራቹን የሶፍትዌር ማሻሻያ በየጊዜው ይጫኑ።
• መሣሪያውን ከመሸጥዎ ወይም ከመጣልዎ በፊት ማኅደሩን ያጥፉ።

በካናዳ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ የንግድ ድርጅቶች የያዙትን የደንበኞች መረጃ እንደ ክብደቱ የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። በግብር ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ባለ 9 አሃዝ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር በሌላ እጅ ከገባ፣ በባለቤቱ ስም ብድር ሊወሰድበት ይችላል። ያ ቁጥር ደግሞ በማተሚያው በኩል ያልፋል።