የአንኮበር ተዳፋት የካርታ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር ይገኛል። የሸዋ ደጋ እዚህ ላይ ተቋርጦ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖራት፣ የአዋሽ ሜዳ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ነው። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ወንዞች ደግሞ ወደ አዋሽ ያመራሉ። የአካባቢውን ካርታ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ ይህን የውኃ ክፍፍልና ከፍታውን መወሰን ነበር።

ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1683 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የኢትዮጵያ ካርታ በአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ነበር። የቦታ ስሞችንና የወንዞችን አካሄድ ቢያሳይም በመሣሪያ የተለካ ከፍታ አልነበረውም።

ልኬቱ የተጀመረው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840 ከታጁራ ተነሥቶ ሸዋ ገባ፤ ከዚያም ወደ ጎጃም አለፈ። በጉዞው በከዋክብትና በፀሐይ ምልከታ ከ70 በላይ ቦታዎችን ኬክሮስ ወሰነ። በ1841 የመጣው የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ቡድንም ከታጁራ እስከ አንኮበር ያለውን መንገድ መዘገበ። የዘመኑ ተጓዦች ከፍታ የሚለኩት ብዙውን ጊዜ ውኃ በማፍላት ነበር፤ ከፍታ በ300 ሜትር ገደማ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ አንኮበር ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የአየር ጠባይ መለዋወጥ ግን ውጤቱን በብዙ ሜትር ሊያሳስተው ይችላል።

በ1870ዎቹ ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ያለችውን ልጥ ማረፊያ ለኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ። የጣቢያው መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው አረፉ። ከቡድኑ አባላት መካከል ቼኪና ኪያሪኒ ከዚህ ተነሥተው ወደ ከፋ አቅጣጫ ተጓዙ።

የዘመናዊው ካርታ ሥራ የተጠናከረው በ1954 ብሔራዊ የካርታ ተቋም ከተመሠረተ በኋላ ነው። በአየር ፎቶግራፍ የተሠሩት የ1፡50,000 ካርታዎች አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ይወክልባቸዋል፤ የከፍታ መስመሮቻቸውም በ20 ሜትር ልዩነት ይከተላሉ። መስመሮቹ በደብረ ብርሃን ሜዳ ይራራቃሉ፤ በአንኮበር ተዳፋት ላይ ግን ሊነካኩ እስኪቃረቡ ይጠጋጋሉ። በዚህም የውኃ ክፍፍሉንና የቁልቁለቱን መጠን ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ተቻለ።