«ኮርን» እና «ሜይዝ»፦ በባኮ የቀረበ ንግግር

ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ባኮን ይዞ ይዞራል፤ የሁለት ቃላትን ነገር እዚህ ማንሣቴ ስለዚህ ነው። «ሜይዝ» ከካሪቢያን ታይኖዎች በስፔን ቋንቋ በኩል የመጣ፣ በቆሎን ብቻ የሚጠራ ስም ነው። «ኮርን» ግን ጥንት ማናቸውም እህል ነበር፤ ግስም ሆኖ ሥጋን በጨው ማቆየት ማለት ነው፤ ሲቆጠርም በእግር ጣት ላይ የሚደድር ቆዳ ይሆናል።

በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የያዕቆብ ልጆች ከግብፅ የሸመቱት «ኮርን» ነው። የአማርኛው «እህል» ይላል። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ «በቆሎ» ብዬ ተርጉሜ፣ ኮሎምበስ ሳይወለድ የአሜሪካን አዝመራ ግብፅ አስገባሁ! የእንግሊዝ ተጓዦች ስለ ሀገራችን ሲጽፉ «ኮርን» ያሉትም ገብስ ወይም ማሽላ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ቃል ብቻ ተመርቶ በቆሎ የገባበትን ዘመን የሚቆርጥ የታሪክ ጸሐፊ የእኔን ስሕተት ይደግማል።