መርዛማ የዱር እፅዋትን ከሚበሉት መለየት

የዱር ቅጠልና ፍሬ እየለቀሙ በሕይወት መቆየትን የሚጠይቁ የቪዲዮ ጨዋታዎች፣ መርዝ የበላ ተጫዋች እንደገና እንዲጀምር ይፈቅዳሉ። በገሃዱ ዓለም ግን ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ክረምት ሲገባ በቃሊቲ አጥር ሥርና ባዶ መሬት ላይ የሚበቅሉትን እፅዋት በየስማቸው ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሳማ፦ ጥሬው ቢለበልብም ለጋ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል።

አስተናግር (አጤ ፋሪስ)፦ ቅጠሉ ጥርሳማ፣ አበባው ጡሩንባ መሰል፣ የዘር ከረጢቱ እሾሃማ ነው። መላ አካሉ፣ በተለይም ዘሩ፣ መርዛማ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያቃዣል። በእህል ውስጥ የተገኘ ዘሩ ተለቅሞ መውጣት አለበት።

እንቧይ፦ ቢጫ ፍሬው ለዓይን ቢያምርም መርዛማ ነው።

እንጉዳይ፦ እንስሳት መብላታቸው ለሰው ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም። የአንዳንዱ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙ ከ6 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ሊጀምርና ጉበትን ሊያበላሽ ይችላል። በእርግጠኝነት ያልታወቀ እንጉዳይ አይበላም።

የሚበላ ተክልም ቢሆን የበቀለበት ስፍራ ይታያል። የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለ ቅጠል ከባድ ብረቶችን በሥሩ ሊስብ ይችላል፤ ወደ ውስጥ የገባውን ማጠብ አያስወግደውም።

መመረዝ ከተጠረጠረ በሽተኛውን ለማስታወክ መሞከር አይገባም። የተበላውን ተክል ቅሪት ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ቅሪቱ ሐኪሙ መርዙን እንዲለይ ይረዳል።